ይድረስ ለአይረን ሜይደን ወዳጆች፦ ጥፋቱ ርዝመቱ አይደለም

ይድረስ ባላችሁበት ሁሉ ለአይረን ሜይደን ወዳጆች፤
ግልባጭ፦ ለባንዱ አባላትና ለፕሮዲውሰራቸው።

እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከጭቅጭቃችሁ በስተቀር ደህና ነኝ።

የእንግሊዙ ሄቪ ሜታል ባንድ የአይረን ሜይደን «ሰንጁትሱ» የተባለው ድርብ (ባለ ሁለት ሲዲ) አልበም ሴፕቴምበር 3 ቀን 2021 ከወጣ ጀምሮ ለሁለት ተከፍለናል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጊዜ ነገሩን ያበርደዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ጭራሽ እየጋለ ሄደ። አንዱ ወገን ከ1980ዎቹ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠሩም ይላል። ሌላው ወገን የ50 ደቂቃ ሥራ ውሃ ተጨምሮበት 82 ደቂቃ ሆነ ይላል። መካከል የገባ ሰው ከሁለቱም በኩል ድንጋይ ይቀበላል። እኔ ለማስታረቅ አልመጣሁም። የራሴ አቋም አለኝ፤ ሁለታችሁንም ሊያስቀይም ስለሚችል ፊት ለፊት ብናገረው ይሻላል። ከሳሾች ክሱን የመሠረታችሁበት አንቀጽ የተሳሳተ ነው፤ ተከላካዮችም የተሳሳተውን አንቀጽ ስትከላከሉ ትውላላችሁ። እውነተኛው ጉድለት ግን ማንም ሳይነካው ተቀምጧል።

ከአንቀጹ ልጀምር። ክሱ ርዝመት ነው። አሥር ዘፈን፣ 81 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ። አንድ ሲዲ የሚይዘው ደግሞ ቢበዛ 80 ደቂቃ ገደማ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በዚህ ዕድሜያቸው ድርብ አልበም ምን አስፈለጋቸው የሚለው ጩኸት ሁሉ የተነሳው ሁለት ደቂቃ ለማትሞላ ትርፍ ነው። ከአሥሩ አጭሩን፣ አራት ደቂቃ ከሦስት ሰከንድ የሚፈጀውን «ዴይስ ኦቭ ፊውቸር ፓስት»ን ቢያስቀሩት ኖሮ ሥራው በአንድ ሲዲ ይጠቃለል ነበር፤ እኛም ስለ ድርብነቱ ባልተጣላን። (እሱን ማስቀረት ግን ግፍ ነበር። በአልበሙ ውስጥ የሚለውን ብሎ ሳይንዛዛ የሚወጣ ዘፈን ቢኖር እሱ ነው።) ሌላው የሜታል ባንድ ሜታሊካ በ2016 ያወጣው አልበም 77 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በሁለት ሲዲ ተከፍሎ ስለቀረበ ድርብ አልበም ተባለ። በ2023 ያወጣውም እንዲሁ 77 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በአንድ ሲዲ ስለመጣ ግን ሲዲውን ከገዙት መካከል ድርብ ነው ብሎ የተነሳ አልሰማሁም። ሰዓቱ ያው፣ ባንዱ ያው፣ የተለወጠው ማሸጊያው ብቻ። ሸክላ የገዛችሁትማ ሌላ ዓለም ውስጥ ናችሁ። «ሰንጁትሱ» በሸክላ ሲመጣ ሦስት ነው፤ ስድስት ገጽ ማለት ነው፤ አንዱ ገጽ በአማካይ 14 ደቂቃ አይሞላም። አልበሙን እያረፈ፣ እየተነሳ፣ እየገለበጠ የሚሰማው ሰውና 82 ደቂቃ ሳይቋረጥ በጆሮው የሚፈስለት ሰው ስለ አንድ ሥራ እየተከራከሩ አይመስለኝም።

ደግሞስ ርዝመት የምንጠላ እኛ ነን? ይህ ባንድ በ1984 «ፓወርስሌቭ»ን ሲያወጣ አልበሙን የዘጋው ከ13 ደቂቃ በላይ በሚፈጅ የመርከበኛ ታሪክ ነው። ዛሬ ስለ ርዝመት የሚያማርረው ሰው ያን ዘፈን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል። በ1986 ደግሞ ስለ ታላቁ እስክንድር ስምንት ደቂቃ ተኩል የሚሆን ዘፈን አወጡ፤ በመድረክ ግን አልተጫወቱትም። ደጋፊው ለዓመታት ለመነ። ባንዱ ዝም አለ። በመጨረሻ በሜይ 2023 በስሎቬኒያ ዋና ከተማ በልዩብልያና፣ ከ37 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወቱት። ከልደት እስከ ሞት የአንድ ንጉሥ የሕይወት ታሪክ የሚተርክ የስምንት ደቂቃ ዘፈን ለአንድ ትውልድ ዘመን ስንለምን ኖረን ስናበቃ፣ ረዘመብን ብለን አቤቱታ ስናቀርብ ማን ያምነናል?

በዚያ ላይ የባንዱ የመጀመሪያ ድርብ የስቱዲዮ አልበም «ሰንጁትሱ» አይደለም። በ2015 የወጣው «ዘ ቡክ ኦቭ ሶልስ» ነው፤ 92 ደቂቃ ይፈጃል። በአሥር ደቂቃ ይበልጣል ማለት ነው። የሚዘጋው በ18 ደቂቃ ዘፈን ነው፤ ድምጻዊው ብሩስ ዲኪንሰን ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የጻፈው፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1930 ፈረንሳይ ምድር ላይ ወድቃ 48 ሰው ስለጨረሰችው የእንግሊዝ የአየር መርከብ። ባንዱ ከቀረጻቸው ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው። የወደዱትም ያልወደዱትም አሉ። ግን ይህ ዘፈን ከዚያኛው ጋር ተምታታብኝ ያለ ሰው የለም። በፒያኖ ይጀምራል፤ ሌላ እጅ እንደጻፈው ከመጀመሪያው ድምጽ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የ«ሰንጁትሱ»ን ሁለተኛ ሲዲ ክፈቱና «ዳርከስት አወር»ን ካለፋችሁ በኋላ የቀሩትን ሦስት ዘፈኖች አከታትላችሁ ስሙ። «ዴዝ ኦቭ ዘ ኬልትስ» ሲጀምር ባስ ጊታሩና ለስላሳው ጊታር ዝግ ብለው ይገባሉ፤ ዲኪንሰን ድምጹን ዝቅ አድርጎ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ያስቀምጣል፤ ከዚያ ከበሮው ይወርድና ጊታሮቹ ይከብዳሉ፤ መካከል ላይ ረጅም የሙዚቃ ጉዞ አለ፤ መጨረሻው እንደገና ለስላሳ ነው። መልካም። ቀጥሎ «ዘ ፓርችመንት» ይመጣል፤ የሚጀምረው ዝግ ባለ ባስ ነው። ቀጥሎ «ሄል ኦን ኧርዝ» ይመጣል፤ ረጋ ባለ ረጅም መግቢያ ይነሳል፣ ረጋ ብሎም ይከስማል። ከመጀመሪያው ሲዲ ደግሞ «ሎስት ኢን ኤ ሎስት ወርልድ»ን ጨምሩበት፤ እሱም በለስላሳ ጊታር ነው የሚከፈተው። አራቱንም ብቻውን የጻፈው አንድ ሰው ነው፦ ባስ ተጫዋቹ ስቲቭ ሃሪስ። መጨረሻ ላይ የተደረደሩት ሦስቱ ብቻ 34 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ይሆናሉ። ባንዱ በ1982 ያወጣውና ስሙን በዓለም ዙሪያ የተከለው አልበም ስምንት ዘፈን ይዞ 40 ደቂቃ ገደማ ነው።

ጆሮን የሚያደክመው ይሄ ነው። ሰው 12 ደቂቃ መጓዝ አያደክመውም፤ በአንድ በር ሦስት ጊዜ ሲገባ ግን ይሰለቻል። ሁለተኛውን ለስላሳ መግቢያ ስትሰሙ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ እጃችሁ ወደ ማሳለፊያው ይሄዳል፤ ያኔ ነው «ረዘመ» የምትሉት። ያሳዘነኝ ነገር ደግሞ ሦስተኛው «ሄል ኦን ኧርዝ» መሆኑ ነው። ያን ዘፈን ለብቻው፣ ሌላ ምንም ሳይቀድመው ስሙት፤ መግቢያው የሚገባውን ያህል ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ከዚያ ሦስቱ ጊታሮች ሲነሱ ይህ ባንድ ምን መሥራት እንደሚችል ያስታውሳችኋል። በእኔ ግምት በዚህ ክፍለ ዘመን ከሠሯቸው ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። ያስቀመጡት ግን አድማጩ በሚዝልበት ቦታ ነው።

ሌላም አለ፤ ከሳሾች አንዳንዴ ትነካኩታላችሁ፣ ግን አትገፉበትም። በሃሪስ ዘፈኖች ውስጥ የድምጻዊው ዜማ ብዙ ጊዜ የጊታሩን ዜማ ተከትሎ ይሄዳል፤ ጊታሩ ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። ቃላቱም በዜማው ቁጥር ልክ ስለሚሞሉ ድምጻዊው ትንፋሽ መውሰጃ ያጣል። ይህን ከ«ዘ ራይቲንግ ኦን ዘ ዎል» ጋር አወዳድሩት፤ እሱን የጻፉት ጊታር ተጫዋቹ አድሪያን ስሚዝና ዲኪንሰን ናቸው። እዚያ ድምጹ የራሱ መንገድ አለው፤ አዝማቹ ሲመጣ ቦታው ሰፊ ነው፤ የስሚዝ የጊታር ሶሎም እንደ ዘፈን ይዘፈናል። ከአልበሙ አስቀድሞ በጁላይ 2021 ብቻውን የተለቀቀው እሱ መሆኑ አይገርመኝም። ስለዚህ ዲኪንሰን ድምጹ አልቋል የምትሉ ሰዎች እባካችሁ ፍርዳችሁን አርሙ። ሰውየው በ2014 መጨረሻ ላይ የምላስ ካንሰር ተገኝቶበት በጨረርና በመድኃኒት ታክሞ የዳነ ነው። «ሰንጁትሱ» ከዚያ ሕመም በኋላ ከባንዱ ጋር የቀረጸው የመጀመሪያ የስቱዲዮ አልበም ነው፤ በ2019 ፓሪስ ሲቀረጽ ዕድሜው 60 ነበር። ከፍ ያሉት ድምጾች ላይ ሲቸገር ይሰማል፣ አልክድም። ያም ሆኖ የሚዘፍንበት ቦታ በተሰጠው ዘፈን ሁሉ ይዘፍናል።

እንግዲህ «ይህ መግቢያ ይቅር» የሚል ሰው እንዴት ጠፋ? ግልባጩ የሚደርሳችሁ ሰዎች ይህችን አንብቡልኝ። ሃሪስ ባንዱን በ1975 የመሠረተው ነው፤ ባሱን የሚመታው እሱ ነው፤ አብዛኛውን ሙዚቃ የሚጽፈው እሱ ነው፤ ከኬቨን ሸርሊ ጎን ተቀምጦ ፕሮዲውስ የሚያደርገውም እሱ ነው። ሸርሊ ከ2000 ጀምሮ በእያንዳንዱ የስቱዲዮ አልበማቸው ላይ አለ፤ ቤተኛ ሆኗል። አሠራራቸውም ይታወቃል፦ አንድ ዘፈን ይለማመዱና ገና ትኩስ እያለ እዚያው ይቀርጹታል። ይህ ዘዴ ሕይወት ይሰጣል፤ በአልበሙ ላይ ስድስት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ እንደሚጫወቱ ይሰማል፣ ያንን እወድላቸዋለሁ። ነገር ግን ዘፈኑ አድሮ፣ ተረስቶ፣ እንደገና ተሰምቶ «ይህ ክፍል ትርፍ ነው» የሚባልበትን ዕድል ይነሳዋል። የሚገርመው አልበሙ ተቀርጾ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ዓመት ያህል በሚስጥር ተቀምጧል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከቤቱ ውጭ ያለ አንድ ሰው ጠርቶ ማሰማት ይቻል ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

በ1968 ቢትልሶች 30 ዘፈን የያዘውን ድርብ አልበማቸውን ሲሠሩ ፕሮዲውሰራቸው ጆርጅ ማርቲን ምርጦቹን መርጣችሁ አንድ አልበም ብታደርጉት ይሻላል ብሏቸው ነበር። አልሰሙትም፤ አልበሙም ዛሬ ድረስ ይወደዳል። ታሪኩን የማነሳው ማርቲን ትክክል ነበር ለማለት አይደለም። በዓለም ላይ ከእነሱ የበለጠ ዝና ያለው ባንድ ባልነበረበት ሰዓት፣ ክፍሉ ውስጥ ቀና ብሎ እንዲህ የሚል ሰው ነበራቸው። አልበሙ ያን ክርክር አልፎ ነው የወጣው።

ወደ ተከላካዮች ልዞር፤ ዝም ብያችሁ እንዳልቀር። እናንተ የምትጠቅሱትን አውቀዋለሁ። ሮሊንግ ስቶንስ በ1972 ያወጡት ድርብ አልበም መጀመሪያ ላይ ብዙ ሃያሲዎች ቀዝቀዝ ብለው ተቀበሉት፤ ኋላ ከሥራዎቻቸው ሁሉ አናት ላይ ተቀመጠ። ፍሊትዉድ ማክ በ1979 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ አድርገው የሠሩት ድርብ አልበም ከቀዳሚው እጅግ ያነሰ ስለተሸጠ እንደ ውድቀት ታየ፤ ዛሬ የሚያመልኩት ወጣቶች አሉ። እውነት ነው። ግን ጊዜ የፈረደላቸውን ብቻ እየጠራችሁ ጊዜ የረሳቸውን ትዘላላችሁ። ጊዜ የረሳቸውማ ስለተረሱ አይጠቀሱም። «ቆይተው ይገባችኋል» የሚለው መልስ ለማንኛውም አልበም፣ ለመጥፎውም ጭምር፣ እኩል የሚሠራ መልስ ነው፤ ስለዚህ ለአንዱም መከላከያ አይሆንም።

የሽያጭ ደረጃ የምትጠቅሱትም እንዲሁ። አልበሙ በእንግሊዝ ሁለተኛ፣ በአሜሪካ ሦስተኛ ሆኖ ገብቷል፤ የአሜሪካው ደረጃ ባንዱ እስከዚያ ድረስ በዚያ አገር ከደረሰባቸው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ደስ ይላል። ሆኖም የመጀመሪያ ሳምንት ደረጃ የሚለካው ስንቶቻችን ሳንሰማ እንደገዛን ነው። እኔም ሳልሰማ ገዝቻለሁ፤ ወደፊትም እገዛለሁ። ይህ የእኔን ታማኝነት ያሳያል እንጂ ስለ «ዘ ፓርችመንት» የሚናገረው ነገር የለም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ካልወደድከው መጀመሪያም የእነሱ ደጋፊ አልነበርክም» የምትሉት ነገር ነው። በ2006 ባንዱ አዲሱን አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመድረክ ሲጫወት፣ ከድሮዎቹ ዘፈኖች የቀሩት ጥቂት ስለነበሩ ያጉረመረሙ ሰዎች ነበሩ። እነዚያ ሰዎች የትም አልሄዱም፤ ዛሬም ቲኬት ይቆርጣሉ፣ ዛሬም ያጉረመርማሉ። ባንድ እንዲህ ዓይነት ደጋፊ ሲኖረው ሊመርቀው ይገባል። እየመረጠ የሚሰማ ሰው ሲያጨበጭብ ጭብጨባው ዋጋ አለው።

የሚክሲንጉን፣ ማለትም የድምጾቹን ቅንብር፣ ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ሁለታችሁም እዚህ ላይ ትስማማላችሁና። ሦስት ጊታር፣ ባስ፣ ኪቦርድ አንድ ላይ ሲጎርፉ መካከለኛው ድምጽ ይታፈናል፤ ጊታሮቹን ለመለየት ጆሮ ይለፋል። ዴቭ መሪ፣ ስሚዝና ጃኒክ ገርስ እያንዳንዳቸው የሚታወቅ እጅ አላቸው፤ ሦስቱን እንደ አንድ ግድግዳ አድርጎ መቅረጽ ሦስት ጊታር ተጫዋች መያዝን ከንቱ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ የምለው አልበሙ በመድረክ የሆነውን ስላየን ነው። በ2023 እና በ2024 ባደረጉት ጉዞ ከ«ሰንጁትሱ» አምስት ዘፈን ይዘው ወጡ፦ «ዘ ራይቲንግ ኦን ዘ ዎል»፣ «ዴይስ ኦቭ ፊውቸር ፓስት»፣ «ዘ ታይም ማሽን»፣ «ዴዝ ኦቭ ዘ ኬልትስ» እና «ሄል ኦን ኧርዝ»። ምርጫውን ልብ በሉ። ከሃሪስ አራት ረጃጅም ዘፈኖች ሁለቱን ብቻ ወሰዱ፤ እነሱንም አራራቁ። «ዴዝ ኦቭ ዘ ኬልትስ» መካከል ላይ ገባ። «ሄል ኦን ኧርዝ» ግን ሕዝቡ ጮሆ ከመለሳቸው በኋላ የሚከፈት ሆነ። ያ በስቱዲዮ 70 ደቂቃ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ለስላሳ መግቢያ እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ከጩኸት ቀጥሎ ሲገባ ሕዝቡ ዜማውን ከጊታሩ ጋር አብሮ ያዜመው ነበር። አንድም ኖታ አልተለወጠም። ቦታው ብቻ ተለወጠ። ባንዱ ራሱ፣ ምናልባት ሳይነጋገርበት፣ አልበሙን በመድረክ ላይ አረመው ማለት ነው።

እንግዲህ ግልባጭ የደረሳችሁ ክቡራን፣ ልመናዬ ይህ ነው። ቀጣዩን አልበም አሳጥሩ አልልም፤ 100 ደቂቃ አድርጉት። ብቻ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ስታወጡ የኮንሰርት ዝርዝራችሁን በምታወጡበት ጭንቅላት አውጡት፤ እዚያ ላይ ተሳስታችሁ አታውቁም ለማለት ይቻላል። ስሚዝና ዲኪንሰን የጻፉት ከሃሪስ ረጃጅሞች መካከል ይግባ። ለስላሳ መግቢያ ለአንድ አልበም አንድ ይበቃል፤ ቢበዛ ሁለት። ሸርሊም ካለ ይኑር፤ ግን ከባንዱ ጋር ወዳጅነት የሌለው አንድ ሰው ሥራው ከመታተሙ በፊት ይስማውና ፊታችሁ ላይ ይናገር።

አንድ ነገር ይቀራል። ከበሮ መቺው ኒኮ ማክብሬን በጃንዋሪ 2023 ስትሮክ መትቶት ተመልሶ ያን ጉዞ በሙሉ ከበሮው ላይ ተቀምጦ ጨረሰው፤ ዲሴምበር 7 ቀን 2024 ሳኦ ፓውሎ ላይ ከመድረክ ተሰናበተ። «ዘ ፓርችመንት»ን ስቱዲዮ ውስጥ 12 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ የመታው እሱ ነው፤ በሕዝብ ፊት ግን አንድም ቀን አልመታውም። እኔ ከአልበሙ ደካማው እሱ ነው ባይ ነኝ። ተከላካዮች ደግሞ የአልበሙ ልብ ነው ትላላችሁ። እንግዲያው አዲሱን ከበሮ መቺ ይዛችሁ ተጫወቱልን፤ ግን ብቻውን፣ ከፊቱም ከኋላውም ፈጣን ዘፈን አድርጋችሁ። ቲኬቱን እቆርጣለሁ፤ ከሳሾችንም ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከፊት ረድፍ የማይጠፋ አንድ አድማጭ